ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሄዱ

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች። እናቴ በዚያ ሰዓት የምትደውለው ወይ ሰው ሞቶ ነው፣ ወይ ስልኬ አይሠራም ብላ ለመንገር ነው።

«ፍሬህይወት አልመጣችም» አለችኝ።

«ትንሽ ዘግይታ ይሆናላ።»

«ፍሬህይወት አትዘገይም። መኪናዋን ዘርፈዋታል። ግቢ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች። አንተ ፖሊስ አይደለህም እንዴ?»

ፖሊስ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሃይፋ ውስጥ በመርማሪነት ሠርቻለሁ። እናቴ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬን ለምንም ነገር ፈልጋው አታውቅም፤ እንዲያውም ሰው ሲጠይቃት «ጌድዮን ቢሮ ነው የሚሠራው» ትላለች። ስለዚህ የጫማዬን ክር ሳላስር ወጣሁ።

እናቴ የምትኖረው ሀዳር ሃካርሜል፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ተራራው ላይ ወዳለው ክሊኒክ ለኩላሊት እጥበት ትሄዳለች። እርሷንና ሌሎች ሁለት ሕመምተኞችን የምትወስዳቸው የምድር ቤት ጎረቤቷ ፍሬህይወት ናት። የፍሬህይወት ሥራ በሩ ላይ ቆሞ ክላክስ መንፋት ነው። እርሷ ግን ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ ትወጣና እናቴን በክንዷ ደግፋ፣ በየመታጠፊያው እያሳረፈች ታወርዳታለች። እኔ ልጅዋ ያላደረግሁትን ስታደርግ አራት ዓመት ሆናት። በእነዚህ አራት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አመስግኛት አላውቅም። ስንገናኝ «ሰላም ነው? ቤሰደር? ሁሉ ደኅና?» እላታለሁ፣ አልፋለሁ።

ስደርስ ፍሬህይወት መኪናዋ አጠገብ ቆማ ነበር። የቤንዚን መኪና ናት፣ ሰባት ወንበር፤ ሞተሯ ትንሽ ቢሆንም ቱርቦ ስላላት ዳገቱን ታግሣ ሳይሆን ዘላ ነው የምትወጣው።

«ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሣም» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ኮፈኑን ብከፍተው ባዶ ነው። ኩፓት ሖሊም፣ የጤና መድኑ ጋ፣ ደውዬ ነገርኋቸው። እስከ ሐሙስ ጠዋት መኪናው ካልተሠራ መሥመሩን ለሌላ እንሰጣለን አሉኝ።»

«ሌላው ደረጃውን ይወጣል?»

«የትኛው ሹፌር ደረጃ ይወጣል፣ ጌድዮን?»

እናቴ ከላይ በመስኮት ሰምታለች። «ሌላ ሹፌር ከሆነ እኔ አልሄድም! እዚሁ እሞታለሁ!» ብላ ጮኸች። እናቴን አውቃታለሁ። ያለችውን ታደርገዋለች።

አብሮኝ የሚሠራው ኦፌክ ደረሰ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከእኛው ሰዎች እዚሁ የተወለደ፣ ወታደር ቤት መካኒክ የነበረ። እኔ ስለ ሞተር ያለኝ ዕውቀት ቤንዚን የት በኩል እንደሚቀዳ ከማወቅ ብዙ አያልፍም። እርሱ ግን አንገቱን ኮፈኑ ሥር አስገብቶ ብዙ ቆየ።

«አራቱም ኮይሎች የሉም» አለ። «ለሞተሩ እሳት የሚሰጡት። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚወስደው ቀጭን ቱቦም የለም።»

«ይሸጣሉ?»

«ኮይሉ ይሸጣል። ቱቦውን ማን ይገዛዋል? አሮጌ ቱቦ እኮ ዜቬል ነው፣ ቆሻሻ። ግን ሬጋ፣ ቆይ፣ ይህን እይ።»

አየሁ። ኮይሎቹ የወጡባቸው አራት ቀዳዳዎች በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተወትፈዋል። የሽቦዎቹ ጫፍ በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ብሎኖቹ አልተጣሉም፤ እያንዳንዱ ወደ ቀዳዳው ተመልሶ በእጅ ጠበቅ ተደርጓል። በሩም አልተሰበረም።

ሌባ ጓዳ ገብቶ ሲወጣ የእህሉን ጎታ አይከድንም። ይህን በልቤ አልሁና ለጊዜው ትቼው ወደ ጥያቄ ገባሁ።

ፍሬህይወት መኪናውን ያቆመችው ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰንበት ከመግባቷ በፊት የእኅቷ ባል መጥቶ ወደ ክርያት ያም ወሰዳት፤ የተመለሰችው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው። አንዱ ቁልፍ ከእርሷ ጋር ነበር። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ማኦር ነው።

«ጠብ ያለሽ ሰው አለ?»

«ከማን ጋር እጣላለሁ? ከአባ አዳሙ በቀር የሚቆጣኝ የለም» አለችና በእንባዋ መኻል ፈገግ አለች። «ከወደቡ ዳገቱን ወጥቼ መጥቼ ሞተሩን ቶሎ ሳጠፋ ይቆጣሉ። ‹በቅሎ ዳገት ወጥታ ላቧ ሳይደርቅ ኮርቻ አይወርድላትም› ይሉኛል። ዓርብም አንድ ነገር ሊሉኝ ነበር፣ ሰንበት ሊገባብኝ ሆኖ ሮጥሁ።»

አባ አዳሙን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የሰፈሩ ታላቅ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አይጠፉም። ያን ጠዋት አግዳሚው ባዶ ነበር። አየሁት፣ ምንም አላሰብሁም።

እናቴንና ሁለቱን ሕመምተኞች በራሴ መኪና ወሰድኋቸው። እናቴን ደረጃውን ሳወርዳት ሁለት ጊዜ ሊጥለን ነበር። «አንተማ ሌባ እንደምትጎትት ነው የምትጎትተኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ፍሬህይወት በየሳምንቱ ምን እንደምትሸከም የገባኝ።

*

ከሰዓት ላይ ኦፌክ ሕንፃውን በር በር እያንኳኳ ጠይቆ ተመለሰ። ፊቱ በርቷል።

«ምስክር አገኘሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ውበቴ። ከበረንዳዋ አይታለች። ትናንት፣ ሻባት፣ ከምሳ በኋላ በጠራራ ፀሐይ! መጡ፣ ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሄዱ። ቡድን ናቸው።»

«ስንት ናቸው አለች?»

«ቢያንስ ሁለት። ‹አየኋቸው› ነው ያለችኝ። ቀድቼዋለሁ፣ ወደ ዕብራይስጥም ተርጉሜ መዝገብ ውስጥ አስገብቻለሁ።»

መዝገቡን አነበብሁት፤ በዕብራይስጥ ብዙ ሆነው መጥተዋል፣ ብዙ ሆነው ሄደዋል። እኔም አንድ ስሕተት ጨመርሁበት። የዚያ ሕንፃ ሰው አብዛኛው ከጎንደር የመጣ፣ ሰንበት ጠባቂ ነው። ከእነርሱ ማንም በሰንበት መፍቻ አያነሣም ብዬ መላ ሕንፃውን ከዝርዝሬ አወጣሁት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል።

*

ሰኞ ጠዋት ወደ ራፊ ጋራዥ ሄድን፤ ወደቡ አካባቢ ካሉት ጋራዦች አንዱ ነው። ከወር በፊት የፍሬህይወት ቱርቦ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ሞቶ፣ አዲስ የገጠመላት ይህ ቤት ነው። ራፊ ስድሳ ዓመቱ ነው፣ እጁ በዘይት የጠቆረ፣ አፉ የማያርፍ።

«እኔ በሻባት መኪና ልሰርቅ?» አለ። «እኔ በሻባት ከሶፋዬ አልነሣም!»

«ቱርቦውን ስትቀይሩ የዘይት ቱቦውንም ቀይራችኋል?»

«ሁሉንም። እዚህ ተጽፏል። ሠራተኛዬ ነው የሠራው።»

«አንተ በዓይንህ አየኸው?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ተጽፏል አልሁህ» አለና ወሬውን አዞረ። «ችግሩ እኮ ከእኔ አይደለም። መጽሐፉ ዘይት በየአሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይሩ ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ሀዳርን አያውቅም! ዳገት፣ ማቆም፣ መነሣት፣ ዳገት። በየሰባት ሺህ ነይ ብያታለሁ። ቱርቦ ያለው ሞተር ዘይቱ አዲስ ከሆነለት ዕድሜ አለው። ዘይት ካስረጀህበት ግን ዕዳው ብዙ ነው።»

መኪናዬ ውስጥ ስንገባ ለኦፌክ ነገርሁት። «አሮጌውን ቱቦ ሳይቀይሩ ‹ቀየርን› ብለው ጽፈው ከሆነ፣ ያ ቱቦ መጥፋቱ የሚጠቅመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኮይሎቹ የተወሰዱት ለማስመሰል ይሆናል።»

ኦፌክ «ወላሂ!» ብሎ ጭኑን መታ። ደስታችን ግን እስከ ቀትር አልቆየም። ራፊ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ነሀሪያ ላይ በልጅ ልጁ ልደት ነበር። ሠላሳ ሰው አብሮት አለ፤ ቪዲዮውም አለ። ሠራተኛው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት አገር ጥሎ ሄዷል።

ስለዚህ ወደ ቁልፉ ተመለስን። በሩ ካልተሰበረ የከፈተው ቁልፍ ያለው ነው። ማኦር ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሰንበቱን ሙሉ ተኝቼ ነበር ብሎናል። ኦፌክ ግን የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፍት አንድ ከረጢት ከሰልና አንድ ትልቅ ሐብሐብ አገኘ። ሐብሐቡ ከሙቀቱ የተነሣ መልፈስፈስ ጀምሯል።

«ይህ የማነው?» አልሁት ማኦርን ጣቢያ አምጥቼ።

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «የእኔ። እኅቴ ስለሌለች ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ካርሜል ጫካ ሄደን ማንጋል ላይ ሥጋ ልንጠብስ ነበር። መኪናውን ከፈትሁ፣ ዕቃ ጫንሁ፣ ሳልቆልፍ ምሳ ልበላና የበረዶ ሣጥኑን ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ተመልሼ ባስነሣው እምቢ አለ። እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ ቁልፉን መልሼ ሰቀልሁ።»

«ሌባ አላየህም?»

«ሌባ? ማንንም አላየሁም።»

ኦፌክ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። «‹መጡ፣ ከፈቱ› ተብሏል። እርሱና ጓደኞቹ ናቸው። እንክሰሰው።»

ያን ቀን ፍሬህይወት ጣቢያ መጣች። ስትጮህ አይቻት አላውቅም፣ ያን ቀንም አልጮኸችም። «መኪናዬ ሄደ፣ መሥመሬም ሐሙስ ይሄዳል፣ አሁን ደግሞ ወንድሜን ጨምረህ ልትወስድብኝ ነው?» አለችኝ። ማኦርን ለቀቅሁት፤ መዝገቡን ግን አልዘጋሁትም። ማታ እናቴ ደውላ «ያዝኸው?» ስትለኝ «ልይዝ ነው» ብዬ ዋሸኋት።

*

ማክሰኞ እናቴ የእጥበቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ደሟ በቀጭኑ ቱቦ እየወጣ እየተመለሰ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አንድ ቱቦ ቢደፈን ሰው እንደሚያልቅ እዚያ ተቀምጦ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኋት። የጨርቁን፣ የሐብሐቡን፣ የእማማ ውበቴን ቃል። ኦፌክ የቀዳውንም በስልኬ አሰማኋት። የእማማ ውበቴ ድምፅ በዝግታ ይመጣል፤ «ከበረንዳዬ ሆኜ አየኋቸው። መጡ። ከፈቱ። ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሄዱ።» ቀጥሎ የኦፌክ ድምፅ «ቤሰደር ግሙር፣ አመሰግናለሁ!» ይላልና ያበቃል።

እናቴ ሳቀች። ወንበሩ ላይ ሆና እንደዚያ ስቃ ስለማታውቅ ነርሷ ሁሉ ዞራ አየችን።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንተ ‹አባቴ መጡ› ስትል ስንት አባት ነበረህ?»

ወንበሬን ወደ እርሷ ሳብሁ።

«ውበቴ ሌባን ‹መጡ› ትላለች? ሌባ ቢሆን ‹አንድ ዱርዬ መጣ› ትልህ ነበር። እርሷ የምታከብራቸውን አንድ ሰው ነው ያየችው። የእናንተ ዕብራይስጥ ሰውን ያበዛል እንጂ አያከብርም።»

ድምፁን እንደገና ከፈትሁት። አሁን ገና ሰማሁት። በድምፅዋ ውስጥ አክብሮት አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አነጋገር ነው፤ ግን ከዕብራይስጡ መዝገብ አንብቤው ስለነበር ጆሮዬ ተደፍኗል።

የእሑዱን ባዶ አግዳሚ እያሰብሁ እናቴን ቤቷ አድርሼ በቀጥታ ወደ እማማ ውበቴ ሄድሁ። በረንዳዋ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«እማማ፣ ቅዳሜ ያዩዋቸው አባ አዳሙ ናቸው?»

«እና ማን መሰለህ?»

«ታዲያ ለልጁ ለምን አልነገሩትም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ልብሱን እያራገፈች። «ሰው አየሽ ወይ አለኝ፣ አየኋቸው አልሁት። ቤሰደር ቤሰደር ብሎኝ ሮጠ። ያወቀ መስሎኝ ነበር። እኔማ እኒያ ሰው በሰንበት ኮፈን ሲከፍቱ አይቼ፣ ትልቅ ነገር ቢያገኛቸው ነው ብዬ ስጸልይላቸው ነው የሰነበትሁት።»

*

አባ አዳሙ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ኦፌክ ከኋላዬ ነበር፤ አፉን እንዲዘጋ አስጠንቅቄዋለሁ። ሽማግሌው አንዴ አዩኝና አንገታቸውን ደፉ።

«ሌባ ልትለኝ መጣህ?»

«አይደለም አባባ። ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር የካርቶን ሣጥን አወጡ። አራቱ ኮይሎች በተቀደደ አሮጌ ነጠላ ተጠቅልለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ተጽፏል፣ ቦታቸው እንዳይለዋወጥ። ከጎናቸው ሁለት ቱቦ አለ፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ። አሮጌውን እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«በዚህ ተመልከት።»

ወደ መስኮቱ አዙሬ በቀዳዳው አየሁ። ውስጡ በከሰል ተደፍኖ ብርሃን የምታልፈው በመርፌ ዓይን ያህል ነው። መታጠፊያው ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

«ቱርቦ የሚጠጣው የሞተሩን ዘይት ነው» አሉ አባ አዳሙ። «ዳገት ሲወጣ እንደ ፍም ይግላል። በሚኒሞ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ሁለት ደቂቃ ሳታቆየው ካጠፋኸው ዘይቱ እዚያው ቆሞ ያርራል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ እንዲህ ይደፈናል። ጋራዡ አዲስ ቱርቦ ገጥሞ ይህን አሮጌ ቱቦ ተወው። ዓርብ ዕለት ስትመጣ ያረረ ዘይት ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ከሥር ባየው ዘይቱ በስንጥቁ እየተረጨ ቱርቦው ላይ ይጨሳል። ልነግራት ስል ሮጠች፤ ሰንበት ደርሶባት ነው፣ አልፈርድባትም።»

«እሳት ይነሣ ነበር?» አለ ኦፌክ፣ አላስቻለውም።

«ረጅም ዳገት ላይ? ምን ያግደዋል?»

ኦፌክ ቱቦውን ከእጄ ወስዶ አየ፣ ሸተተው፣ ፊቱ ነጣ። ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ከፊቱ አወቅሁ።

«ቅዳሜ ልጁ ከሰል ሲጭን አየሁት» ቀጠሉ አባ አዳሙ። «ማኦር፣ ይቺ መኪና ዳገት አትውጣ አልሁት። ‹ቤሰደር ሳባ፣ ቤሰደር›፣ እሺ አያቴ እንደ ማለት፣ ብሎኝ ወደ ቤት ገባ። አራት ልጆች ናቸው። እኔ ዕብራይስጥ አላውቅ፣ ስልክ በሰንበት አልነካ። በሩ ክፍት ነው። በቅሎዋን ካልከለከልሁ ልጆቹን አልከለክልም አልሁና...» እጃቸውን አዩት። «እኛ አገር ሰንበት ስትገባ እሳት እንኳ አይነካም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰንበትን ሽሬ አላውቅም ነበር።»

«እሑድ ለምን አልነገሩንም?»

«እሑድ በማለዳ ቱቦ ፍለጋ ወደ ወደቡ ወረድሁ። አሮጌውን እያሳየሁ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። ስመለስ ግቢው ውስጥ ፖሊስ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ሌባ ሌባ ይላል። ሰንበት መሻሬን የምኩራባችን ቄስ፣ ቄስ ሙላት ፊት ሳልናገር እንዴት ፖሊስ ፊት እናገራለሁ? ቄሱ ደግሞ ለለቅሶ ደቡብ ወርደዋል፤ እስኪመለሱ ብዬ ቆየሁ።»

«ሞተር የት ተማሩ?»

«አዘዞ ጋራዥ አሥራ ሰባት ዓመት የከባድ መኪና መካኒክ ነበርሁ።»

እኒህን ሰው ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። የማውቃቸው ግን የፋብሪካ ወለል ሲጠርጉ ነው። «ለማንም ነግረው አያውቁም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

እውነት ነው። እዚህ አገር ስንት ዓመት ስንኖር ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ጭምር።

እዚያው ቆሜ ለቄስ ሙላት ደወልሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። አባ አዳሙ እንደ ልጅ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«መኪናው ላይ ስንት ልጅ ሊወጣ ነበር?» አሉ።

«አራት።»

«አራቱም አሉ?»

«አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲህ የሚመጣውን ሰንበት እነርሱ ያከብሯታል። አንተ አልሻርሃትም አዳሙ፣ ለአራት ሰው አቆየሃት። አሁን ሂድና የልጅቱን መኪና ሥራ።»

አባ አዳሙ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ኦፌክ ውኃ ቀዳላቸው። «ጠጣ... ይጠጡ፣ አባባ» አላቸው። ሲታረም ሰማሁት።

*

ረቡዕ ራፊን ግቢው ድረስ አስመጣሁት። አሮጌውን ቱቦ በፀሐይ አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ አረፈ። ሠራተኛው ያልሠራውን ጽፎ፣ እርሱም ሳያይ ፈርሟል፤ ይህንንም ለመርማሪ ክፍሉ በራሱ እጅ ጽፎ ሰጠኝ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። አዲሱን ቱቦ ራሱ ገጠመ፣ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀየረ፤ አባ አዳሙ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው «እዚያ ጠበቅ፣ እዚህ ቀስ» ይሉታል። ኦፌክ ያስተረጉማል፤ አሁን ‹እርሳቸው› ማለት ለምዷል። ኮይሎቹን ከ፩ እስከ ፬ በተራ የመለሷቸው አባ አዳሙ ራሳቸው ናቸው። ማኦር መብራት ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሲጨርሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ማንም አድርግ አላለውም።

መዝገቡን ዘጋሁት። ‹ብዙ ነበሩ› የሚለውን ሰርዤ ‹አንድ ሰው› ብዬ ጻፍሁ፤ አለቃዬ ማን ነው ሲለኝ፣ የሰው ሕይወት ያተረፉ ሰው ናቸው አልሁት።

ሐሙስ ጠዋት ፍሬህይወት ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ እናቴን አወረደቻት። አባ አዳሙ ሞተሩን ለመስማት ብለው ከፊት ተቀመጡ። እኔም ከኋላ ገባሁ፤ ምክንያት አልነበረኝም፣ መሄድ ስለፈለግሁ ነው። ዳገቱን ወጣን። መኪናዋ ጭስም ሽታም የላትም።

ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ የፍሬህይወት እጅ እንደ ልማዱ ወደ ቁልፉ ሄደ። አባ አዳሙ ጣታቸውን አነሡ። እጇን መለሰች።

«ምን እንጠብቃለን?» አለች እናቴ።

«ላቧ ይድረቅ» አሉ አባ አዳሙ።

ሁላችንም ተቀመጥን። ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፣ የሚወርድ የለም። እናቴ ከኋላ እጇን ዘርግታ የሽማግሌውን ትከሻ ነካች። «አባ አዳሙ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እርስዎ ባያቆሟት እኔም በዚች መንገድ እሳት ውስጥ እገባ ነበር» አለች። እርሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

እኔም በመስተዋቱ ውስጥ ፍሬህይወትን አየኋት። «ፍሬህይወት» አልሁ። «ለእናቴ ስለምትወጪው ደረጃ እግዜር ይስጥልኝ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አልነገርሁሽም።»

ዞር ብላ አየችኝ። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ወደ ፊት ዞራ መስተዋቱን አስተካከለች። ሁለት ደቂቃ ለካ ረጅም ጊዜ ነው።

አባ አዳሙ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን አወረዱ።

«አሁን አጥፊያት፣ ልጄ» አሉ።